የጎርጎራው ፎቶ

«ያ ፈረንጅ መጣ» አለች እናኑ ከድንኳኑ አፍ ላይ ሆና። ጎረቤት ናት፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ንፍሮ እየቀቀለች ማን መጣ ማን ቀረ ትላለች።

ወለተሩፋኤል ቀና አላለችም። ልጇ ቢያዝን ከተቀበረ አምስተኛ ቀኑ ነው። ጎርጎራ ለሽርሽር ሄዶ ሐይቅ ወሰደው። ለሽርሽር! እስቲ ይኸ ምን ተብሎ ይለቀሳል? አልቃሿ እንኳ የምትለው ቢጠፋት የአያቱን ጀግንነት ስትደረድር ነበር የዋለችው።

ሚስተር ፒተር ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። በፈቃዱ ሊያስተምር ከባሕር ማዶ የመጣ ወጣት ነው፤ ቢያዝንም እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር ነበር። «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አለ፤ ሰው አስጠንቶታል። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ ተቀመጠ።

ጓደኝነታቸው የጀመረው ባለፈው መስከረም ነው። መጀመሪያ ካርታ ጨዋታ፣ ቀጥሎ ቅዳሜ ማታ ጎንደር አራዳ ቡና ቤት ሸክላ እያስከፈቱ ዳንስ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ በላንድሮቨር አንዴ ወደ ደባርቅ፣ አንዴ ወደ ሐይቁ። የድጓ መምህሩ የመርጌታ ገብረ ሚካኤል ልጅ ቅዳሴ ትቶ፣ በቁምጣ ማኪና ላይ ሲወጣ ሰፈሩ በሙሉ አየው።

«ምነው ልጄ፣ አባትህን ባታዋርድ?» ብላው ነበር።

«እማ፣ እዚህ የመርጌታ ልጅ ነኝ። እነሱ ዘንድ ቢያዝን ነኝ።»

«ጾሙንስ?»

«ጾሙንማ እይዛለሁ። አንቺን ይንሳኝ!»

እሷን አልነሳውም፤ እሱን ነሳት። ዋና አይችልም ነበር። ሌሎቹ ሲገቡ አልችልም ለማለት አፍሮ ገባ። ባፍረቱ ሞተ፤ ይኸ ነው የሚያንገበግባት።

ሐሜቱ ከሬሳው ቀድሞ ጎንደር ገባ። «በዐቢይ ጾም ከፈረንጅ ጋር ሥጋ ሲበላ ውሎ ነው ውሃው የዋጠው» ተባለ። የነፍስ አባቱ ቄስ ሐብተ ማርያም መርጌታን በለቀስተኛው ፊት ጠየቋቸው። መርጌታም መስቀል ይዘው «ልጄ ጾም አልገደፈም» ብለው ማሉ። «ሐሰት ከሆነ የአርባው ፍትሐት የለም» አሉ ቄሱ። ይኸን ያልሰማ አልነበረም።

ሚስተር ፒተር ከቦርሳው ፖስታ አወጣ። «ለእማማ» አለ። «የመጨረሻው ቀን ነው። በጣም ደስ ብሎት ነበር።»

አራዳ አሳጥቦ ያመጣው ፎቶ ነው። ሊያጽናናት ነው እኮ! ክፉ እንዳላሰበ ታውቃለች፤ ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው ነው።

ቢያዝን ሐይቁ ዳር ራቁት ደረቱን ቆሞ ይስቃል። እቤቷ እንዲህ ስቆ አያውቅም። ከታች በቀኝ እጁ ግማሹ የተጋጠ የዶሮ እግር ይዟል።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ቄስ ሐብተ ማርያም ከወዲያ በኩል። «እስቲ ወዲህ በይው።»

መርጌታ ከመሐላው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «የልጄ ምስል ነው? አምጪው፣ ልየው።»

ወለተሩፋኤል ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች። ነጠላዋን ተከናነበች። ከሥሩ ወረቀት ሲቀደድ ተሰማ።

«ኧረ ተይ እቴ! ፎቶው ምን አደረገሽ!» ብላ እናኑ ጮኸች። ሴቶቹ ኀዘን የበዛባት መስሏቸው እንደገና ማልቀስ ጀመሩ። ፈረንጁ ደንግጦ ተነሣ፤ ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ የሚነግረውም የለም።

ያቺን የዶሮ እግሩ ያለባትን ቁራጭ የት ትጥላት? መሬት ብትጥላት እናኑ ታነሣታለች። ብብቷ ብትሸጉጣት ሲያቅፏት ትወድቃለች። ገና ስድስት ሰዓት ነው፤ ጾሙ የሚፈታው በዘጠኝ ነው፤ ወለተሩፋኤል ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰችም። በነጠላዋ ሥር እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

ከዚያ ዞራ የተረፈውን በሁለት እጇ ለባሏ ዘረጋች። መርጌታ የተቀደደውን ጠርዝ አለፍ ብለው የልጃቸውን ፊት በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «ይስቃል» አሉ ለቄሱ እያሳዩ፤ «ይዩት አባ፣ ሲስቅ።»

ወለተሩፋኤል ራሷን ነቅንቃ አዎ አለች። ወረቀቱ ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ፣ ገና ለመዋጥ እየታገለች ነበር።