የክሬኑ የጫማ ማሰሪያ

የአንዲት ጠበቃ ቢሮ ያለበት ሦስተኛ ፎቅ ሊደርሱ ጥቂት ደረጃ ሲቀራቸው የቀኝ ጫማው ማሰሪያ ተፈታ። ሚስቱ ልታስርለት ጎንበስ ስትል ክንዷን ያዘ።

«ተይ፣ ሰው ያያል።»

«ትወድቃለህ እኮ።»

«ልውደቅ» አለና የደረጃውን ብረት ጨብጦ ወጣ።

ፈርቷል። ይሠራበት በነበረው መጋዘን የዕቃ ክምር ወገቡ ላይ የተናደ ቀን እንኳን እንዲህ አልፈራም። የጉዳት አበል ጥያቄው ውድቅ ከሆነ ሠላሳ ቀኑ ነው፤ የሠላሳ ቀኑ የይግባኝ ጊዜ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ካለፈ አለፈ ነው። ሚስቱ ሁለት ቦታ እያጸዳች የቤቱን ኪራይ ትከፍል ይሆናል፤ ልጃቸው ግን ትምህርቷን ማቋረጧ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ከያዙት አንዱ የመጋዘኑ ሚዛን ሠራተኛ ነበር። «ክሬኑ፣ እንዴት ነህ?» አለው። ፍሪጅ ብቻውን ተሸክሞ አራት ፎቅ የሚወጣ ሰው ሌላ ምን ተብሎ ይጠራል?

«ደህና፣ ተመስገን» አለ ክሬኑ፤ ላቡ አንገቱ ላይ እየወረደ።

ጠበቃዋ ታላቅ ልጁ ብትሆን የምትበቃ ወጣት ናት። ቢሮዋ ከመጥበቡ የተነሳ በሩ በፋይል ክምር ተይዞ አይዘጋም፤ የተወራው ሁሉ ኮሪደር ይወጣል። ጥያቄውን ውድቅ ያደረገውን የሕክምና ቦርድ ውሳኔ አንብባ ስትጨርስ ቀና አለች።

«ያለ ረዳት ከወንበር ተነስቷል፣ ሕመሙን ሲጠየቅም ደህና ነኝ ብሏል ይላል። ጋሼ፣ እውነት እንዲህ ብለዋል?»

ብሏል። ምን ያድርግ? የቦርዱ ሐኪም ሽበታም ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌ ሲገባ ተቀምጦ የሚጠብቅ የማን ልጅ ነው? ጥርሱን ነክሶ ተነሳላቸው። እንዴት ነህ ሲሉትም ሰው እንዴት ነህ ሲባል የሚለውን አለ። በእናቱ ቤት «አመመኝ» ብሎ ወሬ መጀመር ነውር ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእኛው ጀግና ደግሞ የደበቀው ከሐኪም ነው።

ሚስቱ አላስቻላትም። ከምርመራ ክፍሉ ሲወጣ እግሩ ከድቶት መሬት ላይ መቀመጡን፣ ግማሽ ሰዓት መነሳት እንዳቃተው ተናገረች። አፈጠጠባት፤ እሷ ግን አልተመለሰችም።

ጠበቃዋ ይግባኙን አሁኑኑ ጽፋ እንደምታስገባ፣ ቦርዱ ግን መልሶ ሳይጠራው እንደማይቀር አስረዳችው።

«እኔ አይችሉም ብዬ እጽፋለሁ። እርስዎ ገብተው ደህና ነኝ ካሉ ግን ድካሜ ገደል ገባ። እንዲህ ከሆነ ጉዳዩን ባልይዘው ይሻላል። እስቲ ለእኔ ይንገሩኝ፤ ጠዋት ሲነሱ ምን ያቅትዎታል?»

ክሬኑ ወደ በሩ ዞረ። ሚዛን ሠራተኛው ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ውስጥ ያያል። አንዴ ከተናገረው እውነት ሊሆን ነው፤ ከእንግዲህ ክሬኑ የሚባል ሰው አይኖርም። እስከ ዛሬ ለራሱ እንኳን «ትንሽ ቀን ነው፣ ይሻለኛል» ሲል ነው የከረመው። ካልተናገረው ደግሞ የልጁ ትምህርት አለ።

ጠበቃዋ ሰዓቷን አየች። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ሚስቱ መሬት መሬቱን ታያለች፤ ከእንግዲህ አንዲት ቃል እንደማትጨምር ያውቃል።

ቀኝ እግሩን ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዘረጋ።

«እሰሪልኝ» አላት፤ ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

ተንበርክካ ማሰር ጀመረች። ፊቱ ግሏል፤ እግሩን ግን አልሰበሰበም።

«ይህን ጻፊው ልጄ» አላት ጠበቃዋን። «በየቀኑ ነው።»