የወንዳወቅ ኮምፒዩተር

ፍኖተ ሰላም ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ማመልከቻ እጽፋለሁ። በፊት በታይፕ ነበር። ከ2000 ወዲህ በልጄ በወንዳወቅ ኮምፒዩተር ነው። ወንዳወቅ ቡሬ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ታሞ እኔ ዘንድ መጣ፤ በዚያው ዓመት በጥር ሞተ። እናቱ ቀድማዋለች። ሌላ ልጅ የለኝም።

በአገራችን የሟች ልብስ ለንስሐ አባቱ ይሰጣል። በአርባው ኮቱንም፣ ጫማውንም፣ ጋቢውንም ለቄስ ኃይለ ሚካኤል አስረከብሁ። ኮምፒዩተሩን ማንም አልጠየቀኝም፤ ለእኔ አስቀረሁት። በውስጡ ያለውን ግን አንዳች አልነካሁም። የማልሠራበትንም፣ ስሙን የማላነበውንም ልጄ እንዳስቀመጠው ተውሁት።

እያደር መዘግየት ጀመረ። ጠዋት ከፍቼው ውዳሴ ማርያም ደግሜ ስጨርስ ገና አልተነሣም። ፊደል ስጫን ቆይቶ ነው የሚታየው።

በኅዳር አንድ ማክሰኞ ይርሳው የሚባል የጅጋ ገበሬ አጠገቤ ተቀምጦ እስክሪኑን ሲያይ ቆየ።

«አያ አድማሴ፣ ይኸ ነገር ጾም ይዟል እንዴ?»

«ታገሥ።»

«እኔስ እታገሥ ነበር፤ መዝገብ ቤቱ አይታገሠኝም። የይግባኜ ቀን ዛሬ ያልቃል።»

ተነሥቶ ክንፈሚካኤል ዘንድ ሄደ። ክንፈሚካኤል ጎረቤቴ ነው፤ እሱም ማመልከቻ ይጽፋል። በዚያ ሳምንት ሌሎች ሦስት ሰዎች እንዲሁ ሄዱብኝ። ይህ ሥራ ከቀረ ቤት መዋል ነው። ቤት ደግሞ ማንም የለም።

ያምሮትን ጠራኋት። እዚሁ ከተማ ኮምፒዩተር የምታስተምር ልጅ ናት።

«አያ፣ የማይሠሩበት ነገር ሞልቶበታል። ላጥፋልዎ።»

«አይነካም።»

«ታዲያ ምን ላድርገው? ጠበል ልርጨው?»

«የልጄ ነው።»

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ወንዳወቅን ታውቀው ነበር።

«እሺ፣ አላጠፋም። ልየው ብቻ።»

ብዙ ቆየች። እኔ እስክሪኑን ሳይሆን ፊቷን አይ ነበር።

«አያ፣ ይኸን እኮ እሱ ራሱ አጥፍቶታል።»

«የቱን?»

«ካርታ መሥሪያውን፣ ቼዙን፣ መዝገበ ቃላቱን፣ ሌላም አለ። ፕሮግራም ሲነቀል ሁሉም አብሮ አይወጣም፤ ፍርፋሪው ይቀራል። ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር የሌለውን ሲፈልግ ይውላል። እርስዎ የጠበቁት ፍርፋሪውን ነው።»

«መቼ ነው ያጠፋው?»

የፈረንጁን ቀን በጣቷ ቆጥራ ወደኛ መለሰችው። «ታኅሣሥ ሃያ አንድ። የአማርኛ መጻፊያው የተጫነውም በዚያው ቀን ነው።»

ወንዳወቅ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነበር። በአማርኛ የምጽፍ እኔ ነኝ።

ያን ቀን አስታወስሁት፤ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ነበር። ከአልጋ መነሣት አቅቶት «ጠረጴዛውን ወደዚህ አስጠጋልኝ» አለኝ። አስጠጋሁለት። ምን እንደሚሠራ አልጠየቅሁትም፤ ሥራ ይዟል ብዬ ወጣሁ። ማታ ስመለስ እጁን ቁልፎቹ ላይ እንዳደረገ አንቀላፍቶ ነበር።

«የጀመረውን ጨርሺለት» አልኋት።

እየጠየቀችኝ አወጣች። «ይኸስ?» ትላለች። «ይውጣ» እላለሁ። እስከ ቀትር ጨረሰች። ኮምፒዩተሩን ዘግታ ብትከፍተው ወዲያው ተነሣ።

«አዩት?» አለች ደስ ብሏት።

«አየሁ። ተባረኪ።»

ከሰዓት በኋላ እህተ ማርያም የምትባል የደምበጫ ሴት መጣች። ነገሯን እየተናገረች ጻፍሁ። አትሜ ሰጠኋት።

«አለቀ?» አለችኝ ወረቀቱን እያገላበጠች።

«አለቀ። ትንሽ አረፍ በይ፤ ከሩቅ ነው የመጣሽው።»

«መኪና ያመልጠኛል አያ። እግዜር ይስጥልኝ።»

በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን እስክትሻገር አየኋት። ስገባ ሰዓቱ ገና ስምንት ነበር። ኮምፒዩተሩ በርቶ ይጠብቃል። የምጽፈው አልነበረኝም።