ጎጆ ያልተገኘበት ሾላ

ኢምራን እባላለሁ፤ ደሴ ሆጤ ሱቅ አለኝ። ችኩል መሆኔን ሚስቴ በየቀኑ ትነግረኛለች። ሐርቡ፣ አክስቴ ዐሊማ ግቢ ውስጥ መጋዘን ልሠራ ስነሣ ቦታውን አንድ ትልቅ ሾላ ይዞት ነበር። ሾላውን ደግሞ የሌሊት ወፎች ይዘውታል። ፍሬው ሲበስል በመቶ እየሆኑ ይመጣሉ፣ ሲያልቅ ይሄዳሉ፤ የት እንደሚከርሙ የሚያውቅ የለም። ለእኔ ግን ቆርቆሮ ከማቆሸሽ ሌላ ሥራ የሌላቸው ጉዶች ነበሩ።

አክስቴ መቁረጡን አልከለከሉኝም።

"ጫጩት ያለበት ዛፍ ግን አይነካም" አሉ። "ወጥተህ እይና ማልልኝ።"

በማግስቱ ጠዋት መሰላል አቁሜ ወጣሁ። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ፈተሽኩ። ጎጆ የለም፣ እንቁላል የለም፤ ክንፋቸውን ተከናንበው ቁልቁል የተንጠለጠሉ ብቻ።

"ወላሂ፣ አክስቴ፣ አንድም ጫጩት የለም!" አልኩ ገና ሳልወርድ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አራጋው የሚባል ዛፍ ቆራጭ የሞተር መጋዙን ይዞ ከኮምቦልቻ መጣ። አክስቴ ግን "ስንት ዘመን ያስጠለለን ዛፍ ያለ ዱዓ አይወድቅም" ብለው ጎረቤት ሰበሰቡ። ዱዓው ረዘመ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ አራጋው ክርስቲያኑ መዳፉን ዘርግቶ ከሁላችን በላይ አሚን ይላል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሾላው ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ሰማዩ ሞላ። ክንዴን የሚያህል ክንፍ፣ ቡችላ የመሰለ ፊት! አንዷ ዝቅ ብላ ከራሳችን በላይ ካለው ቅርንጫፍ ተንጠለጠለች። ደረቷ ላይ የተጣበቀ ነገር አለ። አራጋው የስልኩን መብራት አበራ። ጡቷን የያዘ ግልገል ነበር። እናቱ በክንፏ ሸፈነችው።

"ሱብሃነላህ! ታጠባለች!" አሉ አክስቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ኢምራን፣ ምን ብለህ ነበር የማልከው?"

ጠዋት ተከናንበው ያየኋቸው ሁሉ ስንት ሕፃን አቅፈው ኖሯል! ደነገጥኩ፤ እንዲህ ያለ ተአምር ደጃችን ተንጠልጥሎ አርባ ዓመት አለማየቴ አሳፈረኝ። አራጋው መጋዙን ወደ ከረጢቱ መለሰ።

መጋዘኑን ሌላ ቦታ ተከራየሁ። የሰፈሩ ሼክ ሳታውቅ ለማልከው ዕዳ የለብህም ቢሉኝም ለመሐላዬ ማካካሻ ብዬ እዚያው ሾላው ሥር ሦስት ቀን ጾምኩ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ አክስቴ ማፍጠሪያ ቴምር አስያዙኝ። እናቶቹ ልጆቻቸውን እንዳቀፉ አንድ በአንድ ተነሡ፤ እኔም አንጋጥጬ ቀረሁ።

"ኢምራን" አሉኝ አክስቴ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ "አዛን ካለ እኮ ቆየ፤ አፍጥር እንጂ።"