ሐረጉን ማን ነቀለው?

አባቴ አኪሊኖ በየዓመቱ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሲደርስ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የገዳሙ ፍርስራሽ ውስጥ ገብቶ በእናቴ መቃብር አጠገብ መቆም። ዘንድሮ ግን ሌላም ይፈልጋል። ሐኪሙ ለእኔ ብቻ በሹክሹክታ የነገረኝን እሱ ከፊቴ ላይ አንብቦታል። "ከእናትሽ ከዴልሚራ ጎን ያለው ቦታ የእኔ ነው፣ እንዳትረሺ" ይለኛል፤ ቁርስ ላይም፣ እራት ላይም። እንዴት ብዬ እረሳለሁ?

ያልነገርኩት ነገር አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት ማዘጋጃ ቤቱ ፍርስራሹን በሽቦ አጥር ዘግቶታል። በእናቴ መቃብር ላይ ያዘነበለው ግንብ ሊወድቅ ነው ተባለ። መግባት ክልክል፣ መቅበርም ክልክል፤ ከእንግዲህ የሞተ ሰው ወደ አዲሱ መቃብር ይሂድ ተባለ። መነኮሳቱ ከወጡ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ነው፣ ጣሪያውም ከወደቀ ቆይቷል፤ እኛ የመንደሩ ሰዎች ግን ሙታናችንን ሌላ ቦታ ቀብረን አናውቅም።

ግንቡ ለምን እንደሚወድቅም አውቃለሁ።

በእኛ አገር በጋሊሲያ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ሴቱ ሁሉ በረኪናና ብሩሽ ይዞ መቃብር ሊፈትግ ይወርዳል። ለሙታን ነው እንላለን። ውሸት ነው፣ ለጎረቤት ዓይን ነው። አምና ጎረቤቴ ኦብዱሊያ፣ ያቺ ምላሷ የማይደክማት፣ የባሏን እብነ በረድ እያሻሸች ቀና አለችና "እቴ ኤርሚታስ፣ የእናትሽ መቃብር ጫካ ሆነ እኮ! ሐረጉ ሊውጣት ነው። ሰው ልጅ የላትም እንዴ ይላል" አለችኝ።

ደሜ ፈላ። በማግስቱ መሰላልና መጋዝ ይዤ ሄድኩ። እንደ ክንዴ የወፈረውን ሐረግ ከሥሩ ቆርጬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከግንቡ ላይ ስገሸልጥ ሰነበትኩ። ድንጋዩ ነጥቶ ሲወጣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ኦብዱሊያ እንኳ "አሁን ገና ልጅ ወለደች" አለች። አባቴ ያን ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበር አላየም። ከዚያ ዝናቡ መጣ። መጀመሪያ ጠጠር ወደቀ፣ ቀጥሎ ድንጋይ፣ በመጨረሻ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ልነግረው ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። እሱ ንጹህ ሸሚዙን ለብሶ፣ ቢጫውን አበባ ከነማሰሮው ጭኑ ላይ አቅፎ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። አልቻልኩም። ፈሪ ነኝ።

አጥሩ በር ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ጥበቃ ብሬይሾ ቆሟል። ኦብዱሊያና ሌሎች ሴቶችም አበባቸውን ታቅፈው ሽቦውን ከበዋል።

"አባባ አኪሊኖ፣ ዛሬ አይገባም" አለ ብሬይሾ።

"ምን ማለት ነው አይገባም? ሚስቴ እኮ ናት!"

"የእኔም አያት እዚያው ናቸው። ምን ላድርግ፣ ታዝዤ ነው።"

አባቴ ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ወደ ላይ አየ። ስልሳ ዓመት ድንጋይ የጠረበ ሰው ነው። ግንቡን ከጫፍ እስከ ሥሩ ተመለከተና ከዘራውን ቀሰረ።

"የዚህን ግንብ ድንጋይ የሚያያይዝ ኖራ እኔ ልጅ ሆኜም አልነበረም። ያቆመው ሐረጉ ነበር። ሐረጉን ማን ነቀለው?"

"እኛም እሱን ነው የምንፈልገው" አለ ብሬይሾ ደብተሩን እያወጣ። "መሐንዲሱም እንደዚያው ነው ያለው። የነቀለው ሰው ይጠየቃል።"

ኦብዱሊያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አባቴ እጆቼን ሲያይ ተሰማኝ።

"እኔ ነኝ" አለ።

"እርስዎ? በሰማንያ ዘጠኝ ዓመትዎ መሰላል ላይ?"

"ሰማንያ ስምንት። ምነው፣ አያምርብኝም?"

ብሬይሾ ምንም ሳይጽፍ ደብተሩን ከደነው።

"መቼ ነው የሚጠገነው?" አባቴ ጠየቀ።

"አምስት ዓመት ይላሉ፣ አባባ። ስድስትም ሊሆን ይችላል።"

አባቴ የአውቶቡስ ሰዓት እንደተነገረው ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አበባውን ሰጠኝ። ተንበርክኬ በአጥሩ ሥር እጄ እስከደረሰበት ድረስ ገፋሁት። ማሰሮው ተገለበጠና ተንከባሎ ሄደ፤ አፈሩ ተደፋ። በከዘራው ልስበው ሞከርኩ፣ አልደረሰም። ከእናቴ አምስት እርምጃ ላይ በጎኑ ተኝቶ ቀረ። ልቅሶዬን መያዝ አቃተኝ።

"ተዪው" አለኝና ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ። እናቴ ጆሮዋ ከባድ ስለነበር ሁልጊዜ የሚያናግራት እየጮኸ ነው። "ዴልሚራ! መጥቻለሁ፣ አጥሩ ነው የያዘኝ! ሐረጉን የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ልጅቷን እንዳትቆጪያት!"

መኪና ውስጥ ስንገባ "አባዬ፣ እኔ ነኝ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አምና ልትጠይቂኝ ሆስፒታል ስትመጪ እጅሽ ተቧጭሮ ነበር። ድመት ነው አልሽኝ። ድመት የለንም።"

ባዶ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ማሰሮው የነበረበት ቦታ ሱሪው ገና አልደረቀም።

"ያ አዲሱ መቃብር የት ነው? አውራ ጎዳናው አጠገብ ነው ይላሉ።"

"አባዬ፣ ዛሬ ይቅር።"

"አሳዪኝ፣ ልጄ። ሳላየው እንዳልገባበት።"

መኪናውን አስነሳሁ። ሌላ ላደርግለት የምችለው ነገር አልነበረም።