ስልሳ አራተኛው ክር

«ድሩስ የታለ?» አሉ ቀለም ነካሪው ሽማግሌ፣ የቀረበላቸውን ሻይ እንኳ ሳይቀበሉ።

ልብስ ሰፊዋ ትሪውን እንደያዘች ቀጥ አለች። ሳሎኑ ሙሉ ወንበር ነው፤ ወንበሩ ሙሉ ለቀስተኛ ነው። ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ግን ይህን ጥያቄ ሊያነሳ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸውም ይኸው ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል። ሃምሳ ዓመት ክር ሲነክሩ ኖረው ጥፍራቸው ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል። በዚያ ጥፍር ከበሩ ጀርባ አንሶላ ለብሶ የቆመውን የሽመና ዕቃ አመለከቱ።

«ተሰብስቦ ተቀምጧል፣ አባባ» አለች።

«በወጉ ተሰብስቦ?»

«በወጉ።»

ሽማግሌው ሻዩን ተቀበሏት። ማድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ተደገፈችው። እህቷ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። እስካሁን አላለቀሰችም፤ እንባዋ የተኳረፋት ይመስል እምቢ ብሏል። እንባው ሳይመጣ ይኸው ውሸቱ ቀደመ።

ታላቋን «እቴቴ» ትላት ነበር። እቴቴም እሷን፣ አርባ ሰባት ዓመት ሞልቷት መነጽር ካደረገች በኋላ እንኳ፣ «ሚጢ» ከማለት አልተመለሰችም። እቴቴ ሸማኔ ነበረች። ሽመናው መተዳደሪያዋ ይሁን እንጂ ትልቁ አመሏ ሰው ማገናኘት ነው፤ አውቶቡስ ላይ አጠገቧ የተቀመጡ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሳይወርዱ ስልክ ይለዋወጣሉ። ይኸው አመሏ ጠንቶባት ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ስብሰባ ስታሰናዳ ከረመች። ሸማኔዎች፣ ቀለም ነካሪዎች፣ ጥልፍ ሠሪዎች፣ ስለ ጨርቅ መጽሐፍ የጻፉ ምሁራን፣ እንዲሁም ሳይሠሩም ሳይጽፉም ጨርቅ ብቻ የሚወዱ ሰዎች፣ ሁሉም ሦስት ቀን በአንድ አዳራሽ እንዲውሉ።

«ምሁሩ ስለ ሸማኔው ይጽፋል እንጂ አያናግረውም» ትል ነበር። «ሸማኔውም ምሁሩን ይሰማዋል እንጂ አያምነውም። ወንበር ላይ ካስቀመጥኳቸው ሦስት ቀን ሲያዛጉ ይውላሉ። እጃቸውን ነው ማገናኘት።»

ስለዚህ ከፕሮግራሙ ንግግር የሚባለውን ነገር ግማሹን ሰረዘችው። በምትኩ እያንዳንዱ ተጋባዥ ከቤቱ ክር እንዲልክ ጠየቀች። ከየክሩ አስር አስር መስመር ወስዳ አንድ ድር ትዘረጋለች፤ ተጋባዦቹም ተራ በተራ ዕቃው ላይ እየተቀመጡ አንድ አንድ ጣት ወርድ ይሸምናሉ። ግብዣው ለስልሳ ሦስት ሰው ሄደ። ክሩ በፖስታ ይጎርፍ ጀመር፤ ሱፍ፣ ሐር፣ ጥጥ፣ ከዛፍ ልጥ የተፈተለ፣ አንዱማ የዓሣ መረብ ናይለን ላከ። እቴቴ እሱንም በደስታ ተቀብላ ዘረጋችው። ድሩ ከሽመና ዕቃው ተነስቶ፣ ሳሎኑን አቋርጦ፣ ማዶ ግድግዳው ላይ ካለው ችካል ደረሰ። ቤቷ የገባ ሁሉ በሥሩ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚያልፈው።

ስብሰባው አስራ አንድ ቀን ሲቀረው የፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀች። ሐኪሞቹ የደም ግፊት ነው አሉ። በማግስቱ አረፈች።

«ይሄን ገመድ አንሱት፣ ወንበር ሊመጣ ነው» አሉ የዚያን ዕለት አጎታቸው። ሸማኔ ቢሆን ድሩን ከችካሉ ፈትቶ፣ እንደ ሹሩባ እየጎነጎነ፣ አንዱ መስመር ካንዱ ሳይዛነፍ ይሰበስበዋል። እሷ ግን ልብስ ሰፊ ናት። እጇ ሳያማክራት ሽርጧ ኪስ ገባ፤ መቀሱን ሁለት ጊዜ አስነከሰችው፤ አለቀ። ግማሹ ድር ዕቃው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ግማሹ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እሱን ጠቅልላ ፌስታል ውስጥ ጠቀጠቀችና አልጋ ስር ወረወረችው። ምን እንደቆረጠች የገባት ወንበሮቹ ተደርድረው ካበቁ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እቴቴ ብታይ ምን እንደምትል ታውቀዋለች። ልጅ ሆነው የጫማ ማሰሪያ ሲቋጠርባት ሚጢ ሮጣ መቀስ ታመጣ ነበር። እቴቴ ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ትምህርት ቤት ቢረፍድም ባይረፍድም፣ በጥፍሯ ትፈታዋለች። «አንቺ ቋጠሮ ስታዪ መቀስ እንጂ ጥፍር እንዳለሽ ትዝ አይልሽም» ትላት ነበር።

በአራተኛው ቀን አጎታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይሄ ስብሰባ የሚሉት ነገር» አሉ፣ «የጠራችው ሰው የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ እልል ሊባል አይገባም። ይቅር። ደውዪላቸውና ንገሪያቸው፣ ልጄ።»

ሰፊዋ ወለሉን አየች። አፍራ ብትክደውም ልቧ ተንፈስ ብሎላት ነበር። ስብሰባው ከቀረ ድሩን የሚጠይቅ የለም። ፌስታሉ አንድ ቀን ቀስ ብሎ ይጣላል፤ እቴቴ ሁለት ዓመት የለፋችበትን ነገር እህቷ በመቀስ እንደጨረሰችው ማንም ሳያውቅ ይቀራል። ስብሰባው ከተካሄደ ግን አንሶላው ይገለጣል።

«ውሳኔው የአንቺ ነው፣ እህቴ» አለች አጠገቧ የተቀመጠች ሴት። ከእቴቴ ጋር ስብሰባውን ስታሰናዳ የቆየችው ፕሮፌሰር ናት፤ ከሩቅ ከተማ ሌሊቱን ተጉዛ ጠዋት ነው የደረሰችው። የተጋባዦቹን መዝገብ እቅፍ አድርጋለች። «እኔ የማዝነው ለእሷ ነው። ይህን ያህል ሰው ለማሰባሰብ ስትለፋ... መቼም ድር ቢያብር...»

ድንገት አፏን ያዘች።

ቀለም ነካሪው ቀና አሉ። «ብርጭቆ» አሉ፣ በለቅሶ ቤት ድምፅ።

ነገሩን የሚያውቁት ሦስት አራት ለቀስተኞች ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑ። እቴቴ ያቺን ተረት አጥብቃ ትጠላት ነበር። ስለ ጨርቅ ሊናገር የተነሳ ሁሉ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ይጀምራል፤ ምሁርም፣ ሹምም፣ መጋረጃ ነጋዴም። «አንበሳው እስካሁን አልተፈታም ማለት ነው?» ትል ነበር። እናም በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ፣ ያቺን ተረት የተረተ ሰው የዕለቱን ብርጭቆ እንዲያጥብ ደንብ አወጣች።

ፕሮፌሰሯ ምንም ሳትከራከር ተነሳች፤ ማድ ቤት ገብታ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ኧረ ተዉት፣ እኔ አጥባለሁ» አለች ሰፊዋ ተከትላት።

«ደንብ ደንብ ነው።» ፕሮፌሰሯ አስተጣጠቧ ደካማ ነው፤ ሳሙናውን ሳታስለቅቅ ታቀብላለች። ሰፊዋ እየደገመች ታለቀልቃለች። «ዓርብ ዓርብ ትደውልልኝ ነበር» አለች ፕሮፌሰሯ። «ስለ ስብሰባው አምስት ደቂቃ፣ ስለ አንቺ ግማሽ ሰዓት። ‹ሱሪ ስታሳጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስፌት አትዛነፍም፤ እናንተ ይሄን አታስተምሩም› ትለኝ ነበር። እንድትመጪ ለምና እምቢ እንዳልሻትም ነግራኛለች።»

ሰፊዋ ብርጭቆው ላይ እጇ ቆመ። እውነት ነው፤ እቴቴ ሱቋ ድረስ መጥታ፣ ሻይ አዝዛ፣ «አንድ ክር ስጪኝ» ብላት ነበር። እሷም ቀና ሳትል «እኔ ቀዳዳ ጠጋኝ ነኝ፤ ከፕሮፌሰር ጋር ምን አገናኘኝ? እዚያ መጥቼ እንዳፍርብሽ ነው?» አለቻት። እቴቴ ሻይዋን ጨርሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አመቻችታ ትንሽ ተቀመጠችና ወጣች። ደግማም አልጠየቀቻት። ይኸው አሁን ከፕሮፌሰር ጋር ብርጭቆ ታጥባለች።

«ቆርጬዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ድሩን። በመቀስ። ወንበር ሊገባ ነው ሲሉኝ... አላሰብኩም። ለአባባ በወጉ ተሰብስቧል ያልኳቸው ውሸቴን ነው። ፌስታል ውስጥ ነው ያለው።»

ፕሮፌሰሯ ቧንቧውን ዘጋች። ብዙ ነገር ልትል ትችል ነበር፤ ከመጡት ክሮች አንዳንዶቹ ስንት ዓመት እንደቆዩ ከማንም በላይ ታውቃለች። «አምጪው» ብቻ አለች።

ሰፊዋ ከአልጋው ስር ፌስታሉን ጎትታ ወደ ሳሎን ገባች፤ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት ምንጣፉ ላይ ዘረገፈችው። ከዚያም አንሶላውን ገለጠች። ከዕቃው ላይ የተንጠለጠለው ግማሽ ድር ተራውን እንደጠበቀ ነው፤ ጫፉ ግን ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ምንጣፉ ላይ ያለው መላ ቅጡ የጠፋ ክምር ነው።

«ዋሽቼዎታለሁ፣ አባባ» አለች።

ሽማግሌው ክምሩን አዩት።

«ይሄማ የወፍ ጎጆ ነው፣ ልጄ» አሉ። ከወንበራቸው ተንሸራተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አውጥተው ከክምሩ አንድ ቡናማ ክር መዘዙ። «ይህን እኔ ነኝ የነከርኩት። ሁለት ጊዜ ነው ቀለም የገባው፤ መጀመሪያ አልያዘልኝም ነበር።» ወደ ዕቃው ተንፏቀው ከተቆረጡት ጫፎች መካከል አቻውን ፈለጉ፤ አገኙት፤ ቋጠሩት። «አንድ» አሉ።

«ለቅሶ ቤት ነው እኮ» አሉ አጎት።

«እጄን አጣጥፌ ማዘን አልችልበትም፣ ወንድሜ። እርስዎ ከቻሉበት ይዘኑልኝ።»

እንዲህ ተጀመረ። ፕሮፌሰሯ መዝገቡን ገልጣ እያንዳንዱ ክር ከየት እንደመጣ፣ ከምን እንደተፈተለ ታነብላለች። ሽማግሌው በቀለሙ ይለያሉ፤ ሁለቱ በማይስማሙበት ጊዜ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፍና በሁለት ጣቷ ታሸውና «ይሄ ሐር አይደለም፤ ያኛው ነው» ትላለች። ሊያጽናኑ የመጡ ሁሉ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ሲቀመጡ ሁለት ሁለት ጫፍ ይሰጣቸዋል። ጎረቤትየዋ ናይለኑ እየሾለከ አስቸገራት፤ ተሳደበችበት፤ በኋላ ግን ከእሷ በቀር ማንም እንዳይነካው አለች። የፕሮፌሰሯ የመጀመሪያ ሃያ ቋጠሮዎች ሁሉም ተፈቱ። ሰላሳ ዓመት ስለ ሽመና አስተምራ ቋጠሮ አለመቻሏን ለማንም ሳትደብቅ «እንደገና ያሳዩኝ» እያለች ሽማግሌው ጎን ተለጠፈች።

መቋጠሩ በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ከአዳራሹ ተደውሎ ስብሰባው ቀርቷል ወይ ተባለ። አጎት ሰፊዋን አዩ። ሰፊዋ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ፣ ሁለት ክር በጥርሷ ይዛ፣ «አልቀረም» አለች። አጎትም ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሱም፤ ከሰዓት ላይ ብቻ ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ዕቃው አስጠጉ።

በሦስተኛው ቀን ክምሩ ሊያልቅ ሲል ፕሮፌሰሯ ግራ ተጋባች።

«እዚህ ጠርዙ ላይ ያልተመዘገበ ክር አለ። አስር መስመር ነው። ስልሳ ሦስት ሰው ነው የጋበዝነው፤ ይሄ ስልሳ አራተኛ መሆኑ ነው።»

ሰፊዋ ጎንበስ አለች። ግራጫ ነው፣ ቀጭን፤ ለሽመና የማይሆን፣ አንድ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ የተገመደ። ስትነካው የስፌት መኪና ዘይት ሸተታት።

አወቀችው። ከሱቋ የጠፋው የስፌት ክር ድውር ነው። በሱ የተነሳ አንዲት ሱሪ ልታሳጥር የመጣች ደንበኛዋን ጠርጥራ ስድስት ወር ሰላምታ ነስታታለች። ያን ቀን እቴቴ ሻይ እየጠጣች ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንዴት አድርጋ እንደያዘች አሁን ታያት።

«ሌባ» አለች።

ከዚያ የተኳረፋት እንባ ታረቃት። እዚያው ምንጣፉ ላይ፣ ክሩን እንደያዘች፣ እህቷን በማጣቷ የሚገባትን ያህል አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም። ስትጨርስ አስሩንም ራሷ ቋጠረቻቸው።

«እንግዲህ ቀሪው ስልሳ ሦስተኛው ነው» አለች ፕሮፌሰሯ ቆይታ። «ይኸው ባዶ ቦታ ተትቶለታል። ልኬያለሁ ብሎ ጽፎ ነበር፤ ግን አልደረሰም።»

ሰፊዋ ቀስ ብላ ተነሳች። ከሐኪም ቤት የተሰጣት የእቴቴ ዕቃ ኮሪደሩ ላይ እስከዛሬ ሳይከፈት ተቀምጧል። ጫማዋ፣ መነጽሯ፣ ሻርፗ፤ ከሥር አንዲት ትንሽ የፖስታ ጥቅል፣ ደረጃው ላይ ስትወድቅ በእጇ የነበረች። በሲባጎ ታስራለች፤ ሲባጎው ዝናብ መትቶት ደርቆ ቋጠሮው ድንጋይ ሆኗል።

ይዛት መጥታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«መቀስሽ ኪስሽ ውስጥ አይደል?» አሉ ሽማግሌው።

«አለ፣ አባባ» አለች፤ እጇን ግን ወደ ኪሷ አልሰደደችም።

የሰፊ ጥፍር አጭር ነው። አንደኛው ተሰበረ፤ በሌላው ሞከረች። ሁሉም እጁን አሳርፎ ጠበቃት። ጥቅሏን ጭኗ ላይ አመቻችታ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ቋጠሮውን ቆረቆረችው፤ ብዙ ቆይታ አንዷን ዙር ላላ አደረገቻት።