በሁለቱ ሳብዉፈሮች መሐል

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ራዲዮና አምፕሊፋየር ስጠግን ኖሬያለሁ። ስሜ ሙዘይን ነው፤ ሱቄ ከእህል ገበያው ጀርባ ነው። "ሙዘይን ካቃተው ይጣል" ይባልልኝ ነበር። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም፤ ጉራዬ ምን እንዳስደረገኝ እንዲታወቅ ነው።

የሚስቴ የራሒማ ጆሮ መድከም የጀመረው አምና ትኩሳት ከያዛት ወዲህ ነው። ባንድ ቀን አልተዘጋም፤ ከቀጭኑ ድምፅ ጀምሮ እየተሸረፈ ሄደ። መጀመሪያ የስልክ ጥሪ ጠፋባት፤ ቀጥሎ የወፎቹ ጫጫታ፤ ቀጥሎ የሴቶች ወሬ። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ "ወፍራም ድምፅ መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው፤ እሱም ቢበዛ ሁለት ወር ይቆይላታል" አለኝ። አልነገርኳትም። ፊቴ ላይ ሳታነበው አልቀረችም፤ ቤት እንደገባን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"የአባዬን ድቤ አሰማኝ" አለች። "ሳይዘጋብኝ አንዴ ልጥገበው።"

አባቷ ሼህ ሱለይማን መተማ በኩል ስማቸው የተጠራ የመንዙማ ሰው ነበሩ። ድቤያቸውን ራሳቸው ነበር የሚመቱት፤ ልጅ ሳለች ራሒማን እንቅልፍ የሚወስዳት አጠገባቸው ቁጭ ብላ እየሰማች ነው። ከሞቱ አሥራ ስድስት ዓመት ሆናቸው። አንድ የመውሊድ ቀን የተቀዳ ካሴት ነበረን፤ እኔው ወደ ፍላሽ ገልብጬዋለሁ። ድምፃቸውን ከእንግዲህ እንደማትሰማው ታውቃለች። ድቤው ግን ይቀራታል።

ቤታችን አንድ ሳብዉፈር ነበረን፤ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣው ሳጥን ማለት ነው። ከፈትኩት። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጠብቃ ጠብቃ ራሷን ነቀነቀች። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ወፍራም ድምፅ ክፍል ውስጥ እኩል አይዳረስም፤ ጥግ ላይ ይከመራል፣ ሌላ ቦታ ይጎድላል፤ የእሷ አልጋ የጎደለው ቦታ ላይ ነው። ተነስታ እየፈለገች ሄደች፤ ጥጉ ጋ ስትደርስ ግንባሯን ከግድግዳው አስደግፋ ቆመች።

"ይኸው! ይኸው መጣ!" ብላ ጮኸች።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። የድምፅ ባለሙያ ሚስት አባቷን ለመስማት እንደተቀጣ ተማሪ ጥግ ትቆማለች? ሰው ቢያይስ ምን ይለኛል? "ተይው፣ እንደ ሰው ተቀምጠሽ ትሰሚዋለሽ" ብዬ በእጄ አሳይቻት አጠፋሁት። ምነው እጄን በሰበረው! እንደቆመች ብተዋት ኖሮ እስኪበቃት ትሰማ ነበር።

መድኃኒቱ ሁለተኛ ሳብዉፈር ነው። ከአልጋው ግራና ቀኝ ብታቆማቸው፣ አንዱ የጎደለበትን ሌላው ይሞላዋል፤ ብዙ ማስጮህም አያስፈልግም። ዛኪር ዘንድ ሄድኩ። ዛኪር ካርቱም ማዶ፣ አምዱርማን ተወልዶ ያደገ የአገሬ ሰው ልጅ ነው፤ ሙያችን አንድ ነው። ጦርነቱ ሲያባርረው ፍራሹን ትቶ ሳብዉፈሩን ተሸክሞ ገዳሪፍ የገባ ጉደኛ ነው።

"ሹፍ ያ ሙዘይን" አለኝ፤ "ለኻልቲ ራሒማ፣ ለአክስቴ፣ ከሆነ ኸላስ፣ አለቀ፣ ውሰደው። እስክትጠግብ ትስማ።"

ሳጥኑን ቤቴ ባስገባሁ በማግስቱ ለሰውዳ የልጇ መርዶ መጣ። ሰውዳ የግድግዳ ጎረቤታችን ናት፤ የጎንደር ልጅ፣ ሱዳናዊ አግብታ እዚሁ የቀረች። ራሒማ በትኩሳቱ ስትማቅቅ ገላዋን ያጠበቻት እሷ ናት። ልጇ በጦርነቱ ነው የሞተው። እንደ ሰዉ ሁሉ እጄን ዘርግቼ ፋቲሓ ቀራሁ። የሰፈራችን ደንብ የታወቀ ነው፤ የሐዘን ፍራሹ በሦስት ቀን ይነሳል፣ በግድግዳ ጎረቤት ቤት ግን እስከ አርባው ከበሮ አይመታም። መንዙማም ቢሆን ድቤ ድቤ ነው።

አርባ ቀን! ከሐኪሙ ሁለት ወር ሦስት ሳምንቱ ሄዷል። የሰው ሐዘን እስኪወጣ የእኔ ሚስት ጆሮ ይጠብቃል? አምስት ቀን ቻልኩት። በስድስተኛው ቀን፣ ሁለት ከሆኑ ዝግ አድርጌ ባሰማት ከአልጋው አያልፍም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ጥፋት ሊሠራ ሲፈልግ ምክንያት አያጣም።

ከሰዓት፣ የዐስር ሶላት ካለቀ በኋላ ሽቦውን ዘረጋሁ። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ቀይና ጥቁር ሽቦ ገበያ ላይ የለም፤ ሁሉም ጥቁር ነው። እንዲህ ሲሆን ፖዘቲቩን ከኔጌቲቩ ለመለየት አንደኛውን ጫፍ እንቋጥራለን። የዛኪርም ሳጥን ሽቦው ተቋጥሮ ነው የመጣው። ቋጠሮውን ከቋጠሮ፣ ልሙጡን ከልሙጥ አገናኘሁ።

ሁለት ሳጥን ያገናኘ ሰው መሐል ገብቶ ራሱ ያዳምጣል። ለማላውቀው ደንበኛ እንኳ ሳላደርገው ቀርቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን መሐሉ የራሒማ ነው፣ መጀመሪያ እሷ ትስማው አልኩ። እኔ ድምፁ ወደ ውጭ እንዳያልፍ ልጠብቅ ብዬ በሩ ላይ፣ ከአንደኛው ሳጥን አጠገብ ቆምኩ።

ራሒማ ለበዓል ያስቀመጠችውን ቶብ ከራስ እስከ እግሯ ተጠቅልላ መጣች። ሊጠይቃት ለመጣ ሰው እንደምትቀመጥ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ከፈትኩት። እኔ በሩ ላይ ሆኜ ድቤው ጥርት ብሎ ይሰማኛል። እሷ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

"ጀምረው እንጂ" አለችኝ።

ጀምሬያለሁ ብዬ በጣቴ አሳየኋት። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ጨመርኩት። አንገቷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አለች። ሰውዳንም፣ ግድግዳውንም፣ ዝግ ላድርገው ያልኩትንም ረስቼ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ከራሒማ ዓይን እንባ ወረደ፤ የሰማ ሰው እንባ እንዳልሆነ አወቅሁ።

"ሁለት ሆኖም የለም" አለች። "እንግዲያው አልቋል ማለት ነው።"

እኔም አምኛለሁ። ሳጥኖቹ ይሠራሉ፣ በጆሮዬ እየሰማሁ ነው፤ የቀረው የእሷ ጆሮ ነው። ሙዘይን የሠራው ነገር ሊሳሳት ይችላል ብዬ ለአንዲት ቅጽበት አላሰብኩም።

ዘወር ስል ሰውዳ ግቢው ውስጥ ቆማለች። አልጮኸችም።

"ሙዘይን" አለች፤ "ልጄ እኮ ገና ሳምንቱ ነው።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የመብራቱን ሶኬት ነቅዬ "አውፍ በይኝ ሰውዳ፤ እስከ አርባው ብነካው እጄ ይድረቅ" አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ወጣች። ያን ዕለት ራሒማ ቶቧን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችና "ሁለተኛ እዚያ መሐል እንዳታስቀምጠኝ" አለችኝ። ጥጉ ጋ ሄዳ እንድትሞክር በምልክት ጠየቅኋት፤ እጄን ገፋችው።

ከመርዶው በሦስተኛው ሳምንት የሰፈሩ ወፍጮ ሲነሳ ቀና ብላ ወደዚያ ስትዞር አይቻታለሁ። አላህ ይይልኝ፣ አይቻታለሁ። ንዝረቱ በእግሯ ገብቶ ይሆናል ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። በአምስተኛው ሳምንት ወፍጮው ሲያገሳ ውሎ አንዴም አልዞረችም። በዚያው ሰሞን ሰው አልባ አውሮፕላን ከተማው ጫፍ ላይ ሁለት ጊዜ ቦምብ ጣለ። ራሒማ የሮጠችው ሰው ሲሮጥ አይታ ነው። ከዚያ ወዲህ ስትቀመጥ አንድ መዳፏን ግድግዳው ላይ ታሳርፋለች፤ ቦምቡ ሲመጣ በእጄ ልወቀው ብላ።

አርባው ወጣ፤ የሰውዳ ቤት ሰደቃ ተበላ። በማግስቱ ከቀትር በፊት ዛኪር ሳጥኑን ሊወስድ መጣ። ራሒማ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ሽቦውን ልፈታ ጎንበስ ስል እሱም አጎንብሶ አየ፤ ቋጠሮውን በጣቱ ነካ።

"ያ ሙዘይን፣ እንዲህ አድርገህ ነው ያሰማሃት?"

"እንዴት?"

"የተቋጠረው እኮ ሙጀቡ ነው፣ ፖዘቲቩ። አምዱርማን ሁላችንም ሙጀቡን ነው የምንቋጥር።"

እኔ ሙያውን የተማርኩት ድንበሩ ላይ፣ ገላባት ነው። ገላባት የሚቋጠረው ኔጌቲቩ ነው። ሌላ አገር ሌላ ይሆናል ብዬ አስቤም አላውቅ። አንዱን ሳጥን ወደ ፊት ሲገፋ ሌላውን ወደ ኋላ እንዲስብ አድርጌ አስሬዋለሁ። ሁለቱ እኩል የሚገናኙበት ቦታ፣ መሐሉ፣ እርስ በርስ ተጠፋፍተው ምንም የማይሰማበት ነው። በሩ ላይ ለቆመ ድቤ፣ ግድግዳ ማዶ ላለች ሐዘንተኛ ድቤ፣ ለራሒማ ዝምታ። ያን ቀን አንዴ ጭንቅላቴን አልጋዋ ላይ ባደርግ አውቀው ነበር። ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ማለት ይህ ነው።

ዛኪር ወለሉን እያየ "ማዕሌሽ፣ አይዞህ" አለና ሳጥኑን ትቶልኝ ሄደ።

ሽቦውን ገልብጬ አሰርኩ። አልጋዋ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። የሼህ ሱለይማን ድቤ ደረቴን መታኝ፤ የአልጋው ጠፍር ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። እንዲህ ነበር የምትሰማው። ፊቴን በሁለት እጄ ይዤ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ከዚያ አጠፋሁት።

ራሒማ እጇን እያደራረቀች ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፤ መዳፏን እንደልማዷ ግድግዳው ላይ አደረገች። እንዳልጠይቃት እምቢ ትላለች። ትንሽ ተርፎላት ቢሆንስ? ሳታውቅ ቢደርሳትስ? ከኋላዋ ሆኜ እጄን ወደ አምፕሊፋየሩ ዘረጋሁና ከፈትኩት።

ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሳች። ዓይኗ ፈጦ እኔን ፈለገ።

"ተነስ! ቤቱ ተናወጠ!"

"ራሒማ፣ አባትሽ ናቸው" አልኩ። ለማን ነው የምለው? ክንዴን ይዛ ጎትታ፣ ቶቧን ሳትለብስ፣ በሰውዳ ደጃፍ አልፋ መንገዱ መሐል አወጣችኝ። ሰውዳ በሯን ከፍታ ወጣች፤ ከቤቴ የሚመጣውን ድቤ ሰማች፤ ራሒማን አየችና አፏን በእጇ ያዘች። ራሒማ ሰማይ ሰማዩን ታያለች፤ ትከሻዬን ይዛ ትወዘውዘኛለች።

"ማን ቤት ነው የወደቀው?" ትላለች በጩኸት። "ሙዘይን፣ ማን ቤት ነው? ንገረኝ እንጂ!"