ጋቢናው ለካሜራማኑ ነው

ፈትሁዲን ኮቱን ለብሶ የወንድሙ ሳሎን ሲገባ ሰዎቹ መንገዱን በጣታቸው ጨርሰውት ነበር። ከሆሳዕና ዶዮገና፣ ከዶዮገና አንጋጫ፣ ከአንጋጫ ዱራሜ፤ ስልክ ላይ አንድ ስንዝር አይሞላም። የወንድሙ ልጅ ጀሚል ክረምቱ ወጥቷልና ተራራው ላይ ያበበው አበባ ሳይረግፍ በመኪና ዞሬ ልየው ብሎ፣ ሚስቱን ረምላንና ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ከአዲስ አበባ መጥቷል፤ ከጓደኞቹ አንዱ ካሜራማን ነው።

አበባ ሊያይ። ፈትሁዲን በዚያ ዳገት ሃያ ሁለት ዓመት ድንች በአይሱዙ ሲያመላልስ አንድ ቀን እንኳ አበባ አላየም። ያየው ገደል ነው።

ያም ሆኖ ትናንት ጀሚል ደውሎ «መንገዱን የምታውቀው አንተ ነህ፣ ና እንመካከር» ሲለው ደስ ብሎት ነበር። መናኸሪያ ወርዶ ለድሮ ሾፌር ጓደኞቹ፣ ቅዳሜ ጋቢና ተቀምጬ የልጁን መኪና እመራለሁ ብሎ አወራ። ዓይኑ ደክሞ መንዳት ከተወ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሰዎቹም በዚያ ሲያሾፉበት ከርመዋል። ቅዳሜ ጠዋት ጋቢና ሆኖ በፊታቸው ማለፍ ነበረበት። ሌላ ነገር አልፈለገም።

መኪናዋ ደጅ ቆማለች፤ በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ ድምፅ የሌላት። ሞተር ዳገት ላይ ሲያቃስት ሰምቶ ማርሽ የማይቀይር ሰው ለፈትሁዲን ሾፌር አይደለም፤ መሪ የያዘ ተሳፋሪ ነው።

ሻይ ቀረበለት። ስለ መንገዱ ግን የጠየቀው የለም። የት ቆመው ፎቶ እንደሚነሱ፣ ሐምበሪቾ ተራራ ሥር በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ ሲከራከሩ ብርጭቆውን እያሽከረከረ ጠበቀ። በመጨረሻ ጀሚል ከስልኩ ቀና አለ።

«አጎቴ፣ አንተ ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶብስ ቀድመኸን ዱራሜ ግባ። የእስላም ሥጋ ያለበት ቤት ፈልገህ ምሳ አዘህ ጠብቀን።»

«በአውቶብስ?»

«ጋቢናው ለካሜራማኑ ነው። ኋላ ደግሞ ይጠብሃል ብዬ ነው።»

ይጠብሃል አለ። በጀሚል ሠርግም እንዲሁ ነበር። ፈትሁዲን ድንኳኑንና ወንበሩን ሲያመላልስ ሰንብቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ፎቶ ሲነሳ «አንተ መኪናውን ጠብቅ» ተባለ። አልበሙ ውስጥ የጎረቤት ልጆች እንኳ አሉ፤ እሱ የለም።

ተነሣ። ከዶዮገና አለፍ ብሎ ካሉት መታጠፊያዎች በአንዱ ላይ ዝናቡ የመንገዱን ግማሽ ይዞት ወርዷል፤ ጠዋት ደግሞ ጉሙ እስከ አራት ሰዓት አይገፈፍም። ትናንት ከሾፌሮቹ ነው የሰማው። ቦታው ሲደረስ ከጋቢና እጁን ዘርግቶ «ቁም» ሊል አስቦ ደብቆት ነበር። እንግዲህ ገደሉንም በስልካቸው ይፈልጉት ብሎ በሩ ጋ ደረሰ። ዞር ሲል ረምላ ወገቧ ላይ ትራስ ስታደርግ አየ፤ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። እየተናደደ ተመለሰና ነገራቸው።

ጀሚል ቦታውን ስልኩ ላይ ፈልጎ አንድ ቀይ ነጥብ አደረገበት። «ጎበዝ፣ ያዝኩት» አለ፣ ለተማሪ እንደሚባለው።

ረምላ ግን ፊቷ ተለወጠ። «እሳቸው ጋቢና ካልገቡ እኔ አልሄድም።»

ተንሾካሾኩ። ካሜራማኑ አኮረፈ። ጀሚል ሳይወድ በግድ «በቃ አጎቴ፣ ጋቢና ግባ» አለ፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው።

የፈለገው ይኸው መጣለት፣ እሺ ማለት ብቻ ነበር የቀረው። ረምላ የሰጠችው ግን ፈርታ ነው፤ ጀሚልም ቀና ብሎ አላየውም። ፈትሁዲን ሃያ ሁለት ዓመት የነዳ ሰው እንጂ የፍርሃት ክኒን አይደለም።

«ነጥቡን ይዘኸው የለ? እሱን ጋቢና አስቀምጠው» አለና ወጣ።

ቤቱ እስኪደርስ ልቡ ሞልቶ ነበር። ሚስቱ ሃቢባ ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንደሚነሡ ጠየቀችው። እንደነሱ ካለ መንገድ የማያውቅ ሰው ጋር አልጓዝም ብዬ ተውኳቸው አላት። መናኸሪያ ሰው ሁሉ ሰምቷል እኮ፣ ምን ልትላቸው ነው ብትለው፣ ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ ጋደም አለ።

«ቅዳሜ እግሬን ያመኛል» አላት። ገና ሐሙስ ነበር።